ፋርማሲው ጋ የምትበራዋ መብራት

መኪና እንደ ሕፃን ልጅ ናት፤ ቤት ውስጥ ስታለቅስ ውላ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ጸጥ ትላለች። ዘርዓብሩክ መካኒክ ነውና ይህን ያውቃል። የጋሽ ጥሩነህ ዲኤክስ መኪና ያሳየችው ግን ለጠላትም አይስጥ የሚባል ነበር።

ዘርዓብሩክ ከጦር ኃይሎች ወደ ቀራንዮ ሲሄዱ ገባ ብሎ የራሱን ጋራዥ ከከፈተ ገና አምስተኛ ወሩ ነው። ጋሽ ጥሩነህ ደግሞ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር፣ ከሁሉም በላይ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። እሳቸው «ጎበዝ ነው» ያሉት ግንበኛ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አይፈታም። «ተዉት» ያሉት ልብስ ሰፊ ማሽኑን ጠቅልሎ ሰፈር ቀይሯል።

እኚህ ሰው የፍሪሲዮን ፔዳላቸውን አሠርተው በሄዱ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ።

«ዘርዓብሩክ ልጄ፣ ፔዳሉ ቅቤ ሆኗል፣ እጅህ ይባረክ። ግን ቀይዋ የፍሬን መብራት ትበራለች።»

«ሁልጊዜ ነው ጋሼ?»

«ኧረ አንዳንዴ ነው። ቦግ ትልና ትንሽ ቆይታ ትጠፋለች።»

«የት አካባቢ?»

ጋሽ ጥሩነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እዚህ ቀራንዮ፣ ፋርማሲው ጋ። አስኮ ስሄድ ደግሞ ከዳቦ ቤቱ አለፍ እንዳልኩ።»

ዘርዓብሩክ ኮፈኑን ከፈተ። የፍሬን ዘይቱ ሙሉ ነው። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ለቀቀ። ፊውዝ ቀየረ። ከዚያ ጋሽ ጥሩነህን ከጎኑ አስቀምጦ ራሱ እየነዳ ፋርማሲው ጋ ወሰዳት፤ መብራቷ ወይ ፍንክች። አስኮ ድረስ ሄዶ ዳቦ ቤቱን ሁለት ጊዜ አለፈው፤ ጭል እንኳ አላለችም። በማግስቱ ጋሽ ጥሩነህ ብቻቸውን ሲሄዱ በራች። ደግሞ መኪናዋን አመጡ፤ ደግሞ ዘርዓብሩክ ነዳት፤ ደግሞ መብራቷ ጠፋች። ምናልባት ክብደት ይሆናል ብሎ ኋላ ወንበር ላይ አራት አሮጌ ባትሪ ጭኖ ቀራንዮን ዞረ። ከድካም በስተቀር ያገኘው ነገር የለም።

እንዲህ ሲሉ ሦስት ሳምንት አለፈ። ዓርብ ዕለት ጋሽ ጥሩነህ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ «እሁድ የእድሩ ስብሰባ አለ» አሉት። «ሚኒባሳችንን ማን ጋ እናሠራ የሚለው ይነሳል። ያንተን ስም ላነሳ አስቤ ነበር፤ አሁን ግን...» «አሁን ግን»ን እዚያው አንጠልጥለውት ሄዱ።

ዘርዓብሩክ ፈራ። ሰፈሩ ስሙን ገና በቅጡ ሳይለምደው በአንዲት አምፖል ሊጠፋ ነው። ያን ቀን ምሳም አልበላ።

አሁን እውነቱን እንናገርና፣ ጥፋቱ የአሠልጣኙ የይመርም ነበር። ይመር ሙያውን ሲያስተምረው «ስትሞክር መሪውን ለባለቤቱ አትልቀቅ፤ መካኒክ ከጎን አይቀመጥም» ብሎት ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ዘርዓብሩክም ይህችን ቃል ይዞ ሃያ ጊዜ ነዳ። ቅዳሜ ጠዋት ግን መላው ሁሉ አለቀበት።

«ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ይንዱ» አለ። «እኔ ከጎን ልቀመጥ።»

ጋሽ ጥሩነህ ቀስ ብለው ነዱ። ፋርማሲው ጋ ሲደርሱ፣ ከማዶ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ታየ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቁጭ ብሎ መሳለም ለእሳቸው ነውር ነው፤ መኪናዋን ቆም አድርገው ከወንበሩ ብድግ፣ ጎንበስ አሉ። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ለቀቀባቸው። ጉልበታቸው ከመሪው ሥር ያለውን ክዳን ገፋው። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች!

ዘርዓብሩክ ጴንጤ ነው፤ ሃያ ጊዜ በዚህ ሲያልፍ ያየው ፋርማሲውን ነው። ጋሽ ጥሩነህ ከጎኑ ሆነው ሲሳለሙም ዓይኑን ከመብራቷ ስላልነቀለ አላያቸውም።

«አየህ?» አሉ። «በእኔ ብቻ ነው የምትበራው። ያውም ስሳለም ብቻ፤ እዚህም፣ አስኮ ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ ያለው ቤተ ክርስቲያን ጋም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? መድኃኔዓለም ሰላምታዬን አልቀበልም አለኝ ልበልህ? ለንስሐ አባቴ እንኳ አፍሬ አልነገርኩም። ምን በድዬው ነው እያልኩ፣ ጎረምሳ ሳለሁ ሳላደርሳት የቀረችውን አንዲት ደብዳቤ ሳይቀር አስታወስኩ።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ዘርዓብሩክ ዳር አስይዟቸው ከመሪው ሥር ገባ፤ በስልኩ መብራት አየ። አንዲት ሶኬት ግማሽ ገብታ ግማሽ ተንጠልጥላለች። ክዳኑ በተገፋ ቁጥር የተላጠው ገመዷ ብረት ይነካል፤ መብራቱም ይበራል። ፔዳሉን ሲሠራ የፈታት እሱ ነው። ያን ቀን ለጸሎት ፕሮግራም ረፍዶበት ስለነበር፣ በደንብ ሳያስገባት ክዳኑን ገጥሞ ሮጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ገመዷን ጠቅልሎ ሶኬቷን ቀጭ አደረጋት። ማንም አላየም። «ጉልበትዎ ነክቶት ነው» ቢል ውሸትም አይባልም፤ ስሙም ይተርፋል። ቀና ሲል ግን ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው የሚጠብቁትን ሽማግሌ አየ፤ አንጀቱን በሉት።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሶኬቷን ሳልገጥም ነው የሸኘሁዎ።»

«ያንተ?»

«የእኔ።»

«ሙሉ በሙሉ ያንተ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

«ተመስገን!» ብለው ትከሻውን ይዘው ሳሙት። «ተመስገን! ጥፋቱ ያንተ ነው!» እየሳቁ መኪናዋን አዙረው ተመለሱና ሦስት ጊዜ ተሳለሙ። መብራቷም አልበራች።

«ነገ ስብሰባው ላይ እናገረዋለሁ» አሉ።

«ምን ብለው?» አለ ዘርዓብሩክ።

«ጥፋቱ የመካኒኩ ነው ብዬ ነዋ!»

እሁድን እንዴት እንዳሳለፈው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ሰኞ ማለዳ የእድሩ ሚኒባስ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ ወንድዬ ወርዶ ቁልፉን ዘረጋለት።

«ጋሽ ጥሩነህ ‹ጥፋቱን የሚያምን መካኒክ ጋ ውሰደው› ብለው ነው» አለ። «ሶኬቶቹን ግን አደራ፤ እኔም ሳልሳለም አላልፍም።»