ዓይን ተሸፍኖ የተለካው ቤት

ፈይዛ ዓይኗ እየደከመ መምጣቱን ከባሏ ከደበቀች ሁለት ክረምት አልፏታል። ለእህቷ ልጅ ሠርግ ሐዋሳ በሄደች ጊዜ ያያት ሐኪም፣ «ግላኮማ ነው፤ ጠብታው ያለውን ያቆይልሻል እንጂ የጠፋውን አይመልስም» ብሏት ነበር። ጠብታውን ልብሷ መሀል ሸሸገችው። ባሏ ኸይረዲን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጭነት መኪና ዲላና አዲስ አበባ ሲመላለስ ኖሮ ገና አሁን ማረፉ ነው፤ ምን ብላ ታስጨንቀው?

እሱ ደግሞ ሊያስደስታት ተነሣ። «ይሄን ጭቃ ቤት አፍርሼ ፎቅ እሠራልሻለሁ። ልጆቼን እዚህ አሳድገሽልኛል፤ እስቲ አሁን እንኳ ሴራሚክ ርገጪ!» አላት።

«አላህ ያኑርልኝ» አለችና ጓዳ ገብታ ቁጭ አለች። የዚህን ቤት ደፍና ማዕዘን እግሯ ያውቀዋል። አዲሱን መቼ አይታ ትልመደው? ደረጃውንስ? እምቢ ማለት ግን ስጦታውን መግፋት መሰላት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኸይረዲን ዲዛይነር ይዞ መጣ። ኤልቤቴል ትባላለች፤ የፍስሐ ገነት ከተማ ልጅ ናት፤ ተመርቃ ዲላ ትንሽ ቢሮ ከፍታለች። የፎቁን ነገር ሲዘረዝርላት ጽፋ ጨረሰችና፣ «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ብዙ የሚውለው ማነው?» አለችው።

«እሷ ናታ!»

«እንግዲያው ከእሳቸው ልጀምር። እትዬ፣ እርስዎ እንደ ወትሮዎ ሥራዎን ይሥሩ፤ እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ።»

ፈይዛ ግድግዳውን በቀኝ እጇ እየዳበሰች፣ ደፉን በእግሯ ጣት እየፈለገች፣ ግቢውን አቋርጣ ኩሽና ገባች። ስትመለስ አንድ ነገር ጠልፏት በጉልበቷ ወደቀች። ኤልቤቴል ሳታስብ መተላለፊያው ላይ ያስቀመጠችው ቦርሳ ነው። ቦርሳው ደማቅ ቀይ ነበር፤ ቀኑም ፀሐይ።

ልጅቷ ደንግጣ አጠገቧ ተንበረከከች። «ይቅርታ እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።» ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አላዩትም አይደል?» አለቻት።

ፈይዛ እንባዋ መጣ። «ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

«እኔ አልናገርም። እርስዎ ግን ለጋሼ ይንገሯቸው። ይህን ሳያውቁ የሚያሠሩት ቤት ለእርስዎ ምን ይሆንዎታል?»

ፈይዛ የዚያኑ ቀን ከአስር ሰዓት ሶላት በኋላ ኸይረዲንን አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። «መንገድ ላይ ጠጠር አያመልጠኝም እል ነበር» አለ። «አጠገቤ ያለሽውን አንቺን ግን አላየሁም።» ተነሥቶ የተሸሸገውን ጠብታ ራሱ አመጣና ባልለመደ እጁ ጨመረላት። ግማሹ ጉንጯ ላይ ፈሰሰ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ኤልቤቴል ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሰች። ዓይኗን በፈይዛ ሻሽ አስራ በቤቱ ስትዞር፣ ከቁም ሣጥኑ ጋር ስትላተም፣ ፈይዛ «በግራ በኩል ነይ የኔ ልጅ! እዚያ ጋ ምስማር አለ» እያለች ትመራት ጀመር። የት የት እንደምትፈራ ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር፤ አሁን ተናግራ አልጠግብ አለች።

ፕላኑ ሲቀርብ የድሮው ቤት ክፍሎች እንዳሉ ናቸው። የበሰበሰው እንጨት ይቀየራል፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰናል። ከሳሎን እስከ ኩሽና ጣሪያና የእጅ መደገፊያ ያለው መተላለፊያ ይወጣል። እግሯ እንዲያውቀው በየበሩ ፊት ሸካራ ድንጋይ ይነጠፋል፤ ነጩ ግድግዳ ላይ የበሩ መቃን ጥቁር ሰማያዊ ይቀባል።

«ፎቁስ?» አለ ኸይረዲን።

«ፎቁ ለማን ነበር ጋሼ?»

ትንሽ አሰበና ሳቁን ለቀቀው። «ለካ ለጎረቤት ኖሯል!»

ሥራው ሦስት ወር ፈጀ። ባለቀ በሳምንቱ ኤልቤቴል እናቷን ከፍስሐ ገነት ይዛ መጣች። ዝናቡ ይወርዳል። ፈይዛ የሴትዮዋን እጅ ይዛ፣ ማንም ሳይደግፋት፣ ክፍሉን ሁሉ እየዞረች አሳየቻት። መተላለፊያው ላይ ሲደርሱ ቆም አለች።

«ከዚህ በፊት እንዲህ ሲዘንብ ግቢውን ለማቋረጥ እፈራ ነበር» አለቻት። «ልጅሽ ግን ቤቱን ሳትለካ በፊት እኔን ጠየቀችኝ። እንዲህ አድርገሽ ያሳደግሻትን አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ።»

አፏን በሌላ ቋንቋ የፈታችው እናት አማርኛው ቶሎ አልመጣላትም። የፈይዛን እጅ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «አሜን፣ አሜን» አለች።