የአፈ ጉባኤው ጉርሻ

ጋሽ ሞላልኝ የወፍ ነገር እንዲህ ጣጣ የበዛበት መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ፣ ያን ቀን ልጃቸው ሩሐማ ያን ትልቅ ሳጥን አቅፋ በራቸውን ስታንኳኳ እቤት የሌሉ መስለው ዝም ይሉ ነበር። ወፍ ለእሳቸው ወይ ሰማይ ላይ ነው፣ ወይ ድስት ውስጥ። ከገላው ግማሽ የሚያህል ብርቱካንማ አፍ ተሸክሞ ሳሎን የሚገባ ወፍ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም።

"አባዬ፣ ቱካን ነው። ቶሚ ነው ስሙ። ለሁለት ሳምንት ብቻ፣ ፕሊስ" አለች ሩሐማ። ወፉን የተወላት ወደ ሌላ አገር የተዛወረ የሥራ ባልደረባዋ ነው። እሷ ደግሞ ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን የተከራየችው አፓርትመንት ወፍ አይፈቅድም።

ሁለቱ ሳምንት ሁለት ዓመት ሆነ።

ጋሽ ሞላልኝ በኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ባለቤታቸው ጥሩወርቅ ካረፈች ወዲህ ቤድፎርድ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከቤቱ ጀርባ ያለው ባለ መስታወት ክፍል የእሷ ነበር፤ አበባዋን የምታስቀምጥበት። እሱን ለወፉ ለቀቁለት። ምንጣፉን ነቅለው ወለሉን ላስቲክ አለበሱት፤ ግድግዳውን እስከ ደረት ድረስ በፕላስቲክ ሸፈኑት። ቱካን ፍራፍሬ በልቶ ብዙ አይቆይም፤ የሚጥለውንም ወደ ታች ብቻ አይጥልም። ከወለል እስከ ጣሪያ ሽቦ ወጠሩ፤ ወፉ እየዘለለ እንዲሄድ ወፍራም ቅርንጫፎችን አራርቀው አሰሩ። ቱካን ከመብረር ይልቅ መዝለል ይወዳል። ለመኝታው ውስጡ ባዶ የሆነ ግንድ ከአንድ ዛፍ ቆራጭ ለምነው አመጡ። ወፉ ሲመሽ እዚያ ይገባል፤ አፉን ጀርባው ላይ ያጋድምና ጭራውን በላዩ አጥፎ እንደ ክር ኳስ ድቡልቡል ይላል። ጭሱ ወፍ ይገድላል ስለተባሉ ምግብ የማይጣበቅበትን መጥበሻ ሁሉ ጣሉ። በክረምቱ ብርድ መብራት የጠፋ ለታ ደግሞ ወፉን ከነሳጥኑ ሞተሩ በተነሳ መኪናቸው ውስጥ አስቀምጠው፣ ማሞቂያውን ከፍተው አብረውት አነጉ።

ስሙንም ቀየሩለት። ቶሚ አገር ቤት የውሻ ስም ነው፤ ለእንዲህ ያለ ፍጡር አይመጥንም። ነጭ ደረቱን ነፍቶ፣ ያን የሚያህል አፍ ይዞ፣ ከላይ ቁጭ ብሎ አንድ ቃል የማይተነፍስ ስለሆነ "አፈ ጉባኤ" አሉት። በቀቀን እንኳ ያወራል። ይሄ ግን ደስ ሲለው በጉሮሮው ከማንኮራፋት በቀር ሌላ ቋንቋ የለውም።

ዋናው ነገር ግን ወፉ አልነበረም። ወፉ ከመምጣቱ በፊት ሩሐማ አባቷን የምትጠይቀው በዓል ሲደርስ ነበር። ስልክ ላይም "ኦኬ አባዬ፣ ላቭ ዩ፣ ባይ" ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያወሩት አልነበራቸውም። የእሳቸው እንግሊዝኛና የእሷ አማርኛ መንገድ ላይ እየተላለፉ ይቀሩ ነበር። አሁን ግን እሑድ እሑድ ትመጣለች። ፓፓያ ትከትፋለች፣ ወፉን ትመዝናለች፣ ከአባቷ ጋር ወለሉን ታጥባለች፤ ያኔ ወሬው ይመጣል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ ለእነሱ መድኃኒቱ ወፍ ሆነ። ጋሽ ሞላልኝ ይህን አሳምረው ያውቁታል። ስለዚህ ነው ዘንድሮ ሩሐማ ፕሌኖ ውስጥ ቤት ስትገዛ፣ የቤቱን ጀርባ ፎቶ አሳይታቸው "ይሄ ክፍል ሰፊ ነው፣ አይደል?" ስትላቸው ወሬ የለወጡት። ወፉን ልውሰድ አላለቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ወፉ ከሄደ ግን እሑዱም አብሮት እንደሚሄድ ጥርጥር አልነበራቸውም።

ከሕጎቿ ሁሉ አንዱን ደጋግማ ነግራቸዋለች። "አባዬ፣ አይረን ኖ! ቱካን አይረን ከሰውነቱ ማስወጣት አይችልም። ሊቨሩ ላይ ይጠራቀምና ይገድለዋል። ሥጋ፣ ጉበት፣ ምናምን፣ ኔቨር።" ጋሽ ሞላልኝም ሕጉን አከበሩ። ሥጋ የበሉ ቀን እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ወደዚያ ክፍል አይገቡም።

እንግዲህ ያለፈው ዓመት ሁዳዴ መጣ። ጋሽ ሞላልኝ ማታ ማታ ሽሯቸውን ይዘው ወፉ አጠገብ ነበር የሚበሉት፤ ባዶ ጠረጴዛ ከማየት ይሻላል ብለው። አንድ ምሽት አፈ ጉባኤው ዘልሎ መጣና ሽቦው ጥግ ቆሞ፣ በሰማያዊ ቆዳ በተከበበ ዓይኑ ትሪውን አተኩሮ አየ። ቆሞ የሚያይ እያለ ዝም ብሎ መብላት እሳቸው ባደጉበት ቤት ነውር ነው። ደግሞስ የጾም ምግብ ምን ይጎዳዋል? ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው። በርበሬው እንዳያቃጥለው ወጥ ካልነካው ከእንጀራው ጠርዝ ቆረሱ፣ የወይን ፍሬ ጨምረው ጠቀለሉና አቀበሉት። ወፉ በአፉ ጫፍ ተቀበለ፤ አንገቱን ወደ ኋላ ወርወር አድርጎ ጉርሻውን አየር ላይ ቀለበና ዋጠው። ጋሽ ሞላልኝ ብቻቸውን ሳቁ። ከጥሩወርቅ ሞት በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ ስቀው አያውቁም።

ሰው ማጉረስ ካቆሙ ቆይተዋል። ሩሐማ ዐሥር ዓመት የሞላት ቀን፣ የክፍል ጓደኞቿ በተሰበሰቡበት፣ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፏ ሲያስጠጉ "ኢው፣ ዳድ፣ ስቶፕ!" ብላ ፊቷን አዞረች። ልጆቹም ሳቁ። ጋሽ ሞላልኝ ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱትና ከዚያ ወዲህ እጃቸውን ወደ ልጃቸው አፍ ዘርግተው አያውቁም። ቅር ብሏቸዋል፤ ግን አልተናገሩም።

ሁዳዴ አለፈ፣ ፋሲካ ወጣ፤ ጉርሻው ግን አልቀረም። ከዓመት በላይ ሆነ።

ዘንድሮ ሙቀቱ ሲጀምር አፈ ጉባኤው ላባውን ነፍቶ ከታችኛው ቅርንጫፍ አልነሳም አለ። ፓፓያውን አንስቶ መልሶ ይጥለዋል። ሆዱም አበጠ። ሩሐማ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጣችና ወፉን ሪቻርድሰን ወዳለች የወፍ ሐኪም ይዘውት ሄዱ። ሐኪሟ ራጅ አንስታ ጉበቱ ከመጠን በላይ ማበጡን አሳየቻቸው። ምን እንደሚበላ ጠየቀች። ሩሐማ አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ፓፓያ፣ ብሉቤሪ፣ ሐብሐብ፣ አይረን የተቀነሰበት የቱካን መኖ።

"ሌላ የሚሰጠው ነገር አለ?" አለች ሐኪሟ።

ሩሐማ ወደ አባቷ ዞረች።

"ሥጋ በአፉ ዞሮ አያውቅም" አሉ ጋሽ ሞላልኝ፣ ልበ ሙሉ ሆነው።

"እንግዲህ ምግቡ ትክክል ከሆነ የሕመሙን ምክንያት አላውቀውም ማለት ነው" አለች ሐኪሟ። ማክሰኞ አደንዝዛው ከጉበቱ ቅንጣት ናሙና መውሰድ እንዳለባት ነገረቻቸው። ጉበቱ የታመመ ወፍ ሲደነዘዝ አንዳንዴ እንደማይነቃም አልደበቀቻቸውም። ሩሐማ መኪናው ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ጋሽ ሞላልኝ መሪውን እንደ ያዙ "እግዜር ያውቃል" አሏት።

ቅዳሜ ዕለት እንጀራ ሊገዙ ወደ ሐበሻ ሱቅ ሄዱ። ባለሱቋ ሆሳዕና አንዲት ሆዷ የገፋ ወጣት ሴት ታስተናግድ ነበር። ሴቲቱ በነፍሰ ጡር ክትትሏ "አይረንሽ ዝቅ ብሏል" መባሏን ትነግራታለች።

"ክኒኑን ዋጪ፤ ግን እንጀራሽን ቀይ ጤፍ አድርጊው" አለቻት ሆሳዕና። "አይረን ብትይ እሱ ጋ ነው። ጋሽ ሞላልኝ ይንገሩሽ፤ እሳቸው ከቀይ ሌላ ገዝተው አያውቁም። አይደለም እንዴ፣ ጋሽዬ?"

ጋሽ ሞላልኝ ቀይ የጤፍ እንጀራው በእጃቸው እንዳለ ደርቀው ቀሩ። ጥሩወርቅ ሩሐማን ያረገዘች ጊዜ ደም ይሆናታል ብለው ቀይ ጤፍ ፍለጋ ዳላስን ያካለሉት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ጤፍ ደም እንደሚተካ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። ልጃቸው ስለ አይረን ስትነግራቸው ግን ሐሳባቸው የሄደው ወደ ጉበትና ወደ ሥጋ ነው። የሚያውቁት የጤፍ ደምና የሷ አይረን አንድ ነገር መሆናቸው አንድ ቀን እንኳ አልመጣላቸውም። እሷም ብትሆን እንጀራ እንዳይሰጡት አልነገረቻቸውም። ለወፍ እንጀራ የሚያጎርስ ሰው አለ ብላ ማን ያስባል?

መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሞተር ሳያስነሱ ተቀመጡ። ውጭው እንደ እሳት ይጋረፋል፤ ላብ በጀርባቸው ወረደ። ዝም ቢሉስ? ከዛሬ ጀምሮ ጉርሻውን ቢያቆሙ ማን ያውቃል? ከተናገሩ ወፉ ዛሬውኑ ይወሰዳል፤ እሑድም አበቃ። ዝም ካሉ ግን ማክሰኞ አለ። እሳቸው መልሱን በሆዳቸው ይዘው ሐኪሟ መልስ ፍለጋ ያን ምስኪን ወፍ ልትቀደው ነው። ይህን ሲያስቡ ራሳቸውን ጠሉ። ስልካቸውን አወጡ።

"ሩሒ፣ ወፉን ያሳመምኩት እኔ ነኝ።"

"ዋት? ምን ማለት ነው?"

"እንጀራ አጎርሰዋለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አለች።

"ካለፈው ዓመት ሁዳዴ። ማታ ማታ እራቴን ስበላ።"

"ዳድ! ጤፍ እኮ ሙሉ አይረን ነው! ዶክተሯ ስትጠይቅህ ለምን አልተናገርክም?" ስትቆጣ ብቻ ነው ዳድ የምትላቸው።

"የጠየቀችኝ መስሎኝ የነበረው ሥጋ ነው። አሁን ሱቅ ስሰማ ነው የገባኝ። ማክሰኞ አታስነኪው፣ ልጄ። ንገሪያት።"

ሩሐማ ተሰናብታ እንኳ አልዘጋችም። ለሐኪሟ ደውላ ማክሰኞን አሰረዘች። ናሙናው ቀርቶ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ደም እየቀነሱ አይረኑን እንዲያወጡለት ተወሰነ። ሊድን ይችላል፤ ተስፋ አለው ተባለ። አመሻሹ ላይ ሩሐማ ያንኑ የመጀመሪያ ቀን ሳጥን ይዛ ቤድፎርድ ደረሰች።

"እኔ ጋ ይሁን" አለች።

ጋሽ ሞላልኝ አልተከራከሩም። ወፉን ራሳቸው ሳጥን ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ተመልሰው ገቡና ግንዱን ከታሰረበት ፈቱ፤ ወገባቸው እያመማቸው ተሸክመው መኪናዋ ኋላ ጫኑት። "ያለ እሱ አይተኛም" አሏት። "እኔ ልጎዳው ብዬ አይደለም፣ ሩሒ።"

"አውቃለሁ አባዬ" አለች፤ ዓይናቸውን ግን አላየችም።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም። የወፉን ፎቶ ላከችላቸው፤ ከሥሩ "ደህና ነው" የሚል ብቻ አለ። በሚከተለውም እሑድ እንዲሁ። ጋሽ ሞላልኝ ፕላስቲኩን አጠቡ፣ ቅርንጫፎቹን ፈተጉ፤ የሚያቆሽሽ በሌለበት ቤት የሚያጸዱት ሲያጡ ደግመው አጠቡ። ወፉ ናፈቃቸው። ልጃቸው ግን ይበልጥ ናፈቀቻቸው።

ሌላ እሑድ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትሪያቸውን ይዘው በልማድ ባዶው ሽቦ አጠገብ እንደ ተቀመጡ የፊት በሩ ሲከፈት ሰሙ። ሩሐማ ናት። ሳጥኑን አልያዘችም።

"ቶሚስ?" አሉ ደንግጠው። አፈ ጉባኤ ማለቱም ጠፋባቸው።

"ቤት ነው። ደህና ነው። ትናንት ደም ቀነሱለት፤ ሊቨሩ፣ ማለቴ፣ እብጠቱ ጎደል ብሏል። ጠዋት አንድ ሙሉ ሳህን ፓፓያ በላ።"

"ተመስገን። ታዲያ ምን ረስተሽ ነው የመጣሽ?"

"ምንም አልረሳሁም።" ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ባዶውን ሽቦ ቆይታ አየችው። "እንዴት ነበር የምታጎርሰው?" አለች።

ጋሽ ሞላልኝ እንደ ተከሳሽ አስረዱ። ወጥ ካልነካው ጠርዝ እንደሚቆርሱ፣ የወይን ፍሬ እንደሚጨምሩበት፣ ወፉም ወርውሮ እንደሚቀልበው ነገሯት። ከዚያ ለማንም ያልተናገሩትን ጨመሩ። "አንድ ቀን ራሱ ብሉቤሪ ይዞልኝ መጣ። ከንፈሬ ላይ አስጠጋው።"

"ከዚያስ? በላኸው?"

"ታዲያ፣ ጉርሻ ይመለሳል እንዴ?"

ይህን ያሉት ለነገር አልነበረም። ሩሐማ ግን ፊቷ ተለወጠ። ዐሥረኛ ልደቷን ማስታወሷን ጋሽ ሞላልኝ ከዓይኗ አወቁት፤ እሷም የረሳችው ይመስላቸው ነበር። ወንበሯን አስጠጋችና ወደ ትሪው ጎንበስ ብላ አፏን ከፈተች።

ጋሽ ሞላልኝ ከመሃል እንጀራ ቆረሱ። ሽሮውን አብዝተው ጠቀለሉና አጎረሷት። የወይን ፍሬ አልጨመሩበትም። ሩሐማ ጉንጯ ተወጥሮ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እየታገለች ዋጠችው።

"ቱ ቢግ፣ አባዬ! በቃኝ" አለች እየሳቀች።

ጋሽ ሞላልኝ ግን ሁለተኛውን መጠቅለል ጀምረው ነበር። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" አሉ። "ጥሉ ደግሞ ይበቃናል።"

ሩሐማ አፏን ከፈተች።