መልአክ አላገባሁም

«ከጫምሳ አፍ ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም!» አሉ የሟቹ ታላቅ ወንድም ኦቦ መርዳሳ፣ ድንኳኑ መሃል ቆመው። «መጠጥ አይቀምስ፣ ሰው አያስቀይም፤ መልአክ ነበር!»

ለቀስተኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የጫምሳ ሚስት ሌንሳ ግን ሰልስቱ ደርሶም እንባ አልወጣላት አለ፤ ጎረቤቶቿ ማንሾካሾክ ጀምረዋል። ማንን ታልቅስ? መልአክ አግብታ አታውቅም።

እሷ ያገባችው የባቱውን ከብት ነጋዴ ነው። አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ያገለገሉ መጻሕፍት ስትሸጥ፣ በሬዎቹን አራግፎ ሱቋ በር ላይ ይቀመጥና ታነብለት ነበር። ካውቦይ ያለበት የፍቅር ልብ ወለድ ካልሆነ አይሰማም ነበር።

«ይሄ ካውቦይ ሰካራም፣ ግልፍተኛ። ልጅቷ ምኑን ወደደችው?» ብሎ ጠየቃት አንድ ቀን።

«አጥፍቶ ሲያበቃ ተመልሶ ይመጣላ! እንከን የሌለውንማ ማን ያምነዋል?»

ጫምሳ ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው እኔንም አግቢኝ» አላት።

ኦቦ መርዳሳ አሁንም አላበቁም። «ልጁ ሊዲ ስትወለድ እንኳ ከሚስቱ አጠገብ ንቅንቅ አላለም!»

ይሄስ በዛ። ሌንሳ ከፍራሿ ተነሳች።

«ኦቦ መርዳሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የእኔ ጫምሳ ምጤን ሲሰማ አቦምሳ ገበያ ነው የፈረጠጠው!»

ኦቦ መርዳሳ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? አፈሩ ሳይደርቅ?»

«አፈሩ ሳይደርቅ እንዳይጠፋብኝ ነው። ከአቦምሳ በግ እየጎተተ መጣ። አፍሮ አጥር ሥር ቆመ፤ እኔው ጠርቼ አስገባሁት። ከዚያ ወዲያ የሊዲን ጨርቅ ያጠበው ማን ነው? ሲቆጣ ሰፈር ይሰማል፣ ሲታረቅ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። እኔ የማለቅሰው እሱን ነው። ለመልአኩ እርስዎ ያልቅሱለት።» ብላ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የሳቁት የጫምሳ እናት፣ አዴ ዲንቄ ናቸው። «እውነቷን ነው! ልጄ ምጥ ቀርቶ መርፌ ሲያይ ይሮጥ ነበር።»

ኦቦ መርዳሳ አንገታቸውን ደፉ። «ለሰርጌ ያሰርኩትን ወይፈን ሸጦ ጠጥቶበታል» አሉ። «ሌባ! ወንድሜ ሌባ!» ድምፃቸው ተሰበረ።

ድንኳኑ በሳቅና በልቅሶ ተደበላለቀ። ሌንሳም ሳቋ አመለጣት። እንደ ልማዷ ወደ ጎኗ ዞራ፣ «ሰማህ?» አለች።

ማንም አልነበረም። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ፤ ሳትጠርገው፣ እጇን ባዶው ፍራሽ ላይ አሳረፈች።