ድምፁ የት ይጫን?

ፎቶ አንሺው የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ወዲህም ከፎቶ ቤታቸው አልቀሩም። ካሜራውን ለሚስታቸው አስረክበው እሳቸው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ደንበኛ በመልእክት ይጠይቃል፣ የእህታቸው ልጅ ታነብላቸዋለች፣ እሳቸው ደግሞ ጣታቸው በለመደው መንገድ መልሱን ይተይባሉ። ልጅቷን የፎቶ ቤቱ ሰው ሁሉ ምላጭ ይላታል፤ ምላሷን ያልቀመሰ የለማ። ለእሳቸው ማንበቡ ግን አንድ ቀን እንኳ ሰልችቷት አያውቅም፤ ይህን ውለታ ልባቸው ይዞታል።

አሁን ምላጭ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ነገ ልትሄድ ነው። ከመሄዷ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሶፍትዌር ልትጭንላቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። ከሠራ በሥራቸው ይቀጥላሉ። ካልሠራ ቤት መዋል ነው። ሚስታቸው "ሰው እንቀጥራለን፣ አንተ ዕረፍ" ብላቸዋለች፤ ያቺ "ዕረፍ" የምትባል ቃል አልተዋጠችላቸውም።

ማውሱ ቀጭ ቀጭ ይላል።

"የት ደረስሽ?"

"እያለፍኩ ነው ጋሼ።"

"ምኑን ነው የምታልፊው? አንብቢልኝ እንጂ።"

"ዝባዝንኬ ነው እኮ። ይሄን ማን ያነበዋል?"

"ዓይን ያላችሁት ካላነበባችሁት እኔ ላነበው ነው?"

ሳቀችና ማንበብ ጀመረች። የሶፍትዌሩን የአጠቃቀም ስምምነት በዜና አንባቢ ድምፅ አስኬደችው፤ ቀጥሎ ግን በራሷ ድምፅ፣ "የት ይጫን ይላል። ሲ ድራይቭ ጢም ብሏል፣ ቀይ በርቶበታል። ዲ ባዶ ሜዳ ነው። ዲ ላይ ብያለሁ።"

"ዲ የቱ ነው? የእኔ ኮምፒውተር ሲ ብቻ አልነበረውም?"

"ዲማ የኔዋ ናት። በጎን በገመድ የሰካኋት ሃርድ ዲስክ።"

"ነገ ይዘሻት የምትሄጂው?"

ማውሱ ጸጥ አለ።

ምላጭ ኮምፒውተር የተማረችው በሰው ኮምፒውተር ነው፤ ጎረቤት ቤት፣ ጓደኛ ቤት፣ ከሁሉም በላይ እዚሁ ፎቶ ቤት፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት። "የሰው ዕቃ ላይ ኮተቴን አላራግፍም" ትልና የምትጭነውን ሁሉ የራሷ ሃርድ ዲስክ ላይ ትጭናለች። ኩራቷ ነው። ዛሬም እጇ ለምዶበት ወደዚያው ሄደ። ነገ ገመዱ ሲነቀል አንባቢው ድምፅ አብሯት ሊሄድ፣ እሳቸውም ድዳ ኮምፒውተር ፊት ሊቀመጡ ነበር።

"ደደብ ነኝ" አለች።

"ሌላውን ስትሳደቢ ነበር የማውቀው። ዛሬ ተራው ለራስሽ ደረሰ?"

"አይቀልዱ ጋሼ። ካላነበብሽ ባይሉኝ ኖሮ አልቆልዎት ነበር፤ ያስቆሙኝ እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ሲ ላይ ካልሆነ አይሆንም፣ ሲ ደግሞ ቦታ የለውም። የሞላው…"

"በፎቶዎቼ ነው። አውቃለሁ።"

የዕድሜ ልክ ሥራቸው እዚያ ነበር፤ የሳቁ ሙሽሮች፣ ዝናብ የመታው አስፋልት፣ ሚስታቸው በልጅነቷ መስኮት ተደግፋ። ማየቱ ቢቀርባቸውም፣ ፎቶዎቹ አጠገባቸው መኖራቸው ብቻ ጓዳ ውስጥ ሰው እንዳለ ያህል ያጽናናቸዋል።

"ወደ አንቺዋ አዙሪያቸው" አሉ። "ለድምፁ ቦታ ይለቀቅለት።"

"ይዣቸው እኮ ነው የምሄደው።"

"ያዢያቸው። ደውለሽ አንድ አንድ ትነግሪኛለሽ፣ ከነትችትሽ።"

"ትችቱ ይበዛል፤ ኋላ እንዳይቀየሙኝ።"

"ለሱ ብዬ ነው ላንቺ የሰጠሁት።"

ፎቶዎቹ ተዛውረው አለቁ። ሶፍትዌሩ ሲ ላይ ተጫነና ከድምፅ ማጉያው ድርቅ ያለ ድምፅ ወጣ።

"አማርኛን ትናንት የለመደ ነው የሚመስለው" አለች ምላጭ፣ ቅናት ቢጤ ይዟት።

"ተሳዳቢ አለመሆኑ ነው የከፋው። ይኸውልሽ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ዓይን ሆነሽኛል። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።"

"ዓይን እንኳ አልነበርኩም፤ አፍ ነው የነበርኩት" አለች። ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔም ሰው የሆንኩት በዚሁ ኮምፒውተር ነው፤ እርስዎ ፈቅደውልኝ" አለች።

በማውሱ "አስወጣ" የሚለውን ተጭና ሃርድ ዲስኳን እንደ ወጉ ካሰናበተቻት በኋላ ገመዱን ራሳቸው ዳብሰው ነቀሉት። ከዚያ አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ያ ድርቅ ያለ ድምፅ አልጠፋም፤ የአንዲት ደንበኛን መልእክት፣ የልጇን ፎቶ መቼ መጥታ እንደምትወስድ የምትጠይቀውን፣ እስከ መጨረሻው አነበበላቸው። መልሱን መተየብ ጀመሩ።

ሚስታቸው ከፎቶ ማንሻው ክፍል አንገቷን ብቅ አደረገች። ምላጭ ሻንጣዋን እየዘጋች በሩ አጠገብ ነበረች።

"ታዲያ ማን ነው የሚያነብልህ?"

"እኔው ነኝ" አሉ፣ ጣታቸውን ከቁልፎቹ ሳያነሱ።