መብራት እስኪመጣ የተቆጠሩ አያቶች

መብራቱ የጠፋው ሽንኩርቱ ገና ሳይቁላላ ነው። ሽማግሌዎቹ ከጎባ ወደ እኛ ወደ ሮቤ የሚመጡበት እሑድ ነበር። ዶሮዋ ተገነጣጥላ በሎሚ ውኃ ውስጥ ተኝታለች፤ ድስቱ ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ተጥዷል። ሽንኩርቱ ውኃውን መምጠጥ ሲጀምር ምድጃው ቀዘቀዘ። እኔ አልደነገጥኩም። ለባለቤቴ ለቶላ ገና ድሮ «እሑድ መብራት ይጠፋል» ብዬው ነበር። «ዶሮዋም ታማ ትሞታለች» ብዬው ነበር፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ጤነኛ ነበረች። ሁሉም አይሳካልኝም።

የሚመጡት ልጃችንን ሴናን ለመጠየቅ ነው። ሴና ነርስ ናት፤ የሚያገባት ልጅ ሮቤራ ደግሞ ጎባ ይሠራል። ነገሩ በስልክ ያለቀ ነው። ሽማግሌ መጥቶ «ልጃችሁን ለልጃችን» ይላል፣ ቶላ «እሺ» ይላል፣ ከዚያ ይበላል። የቀረው ይኸው ብቻ ነበር። የሚበላው ግን ጥሬ ሆነ።

ድሮ መብራት ሲጠፋ ከሰል ነበር። አሁን የአንድ ማዳበሪያ ከሰል ዋጋ ሲጠራ የሐረና ጫካ በሙሉ እዚያ ማዳበሪያ ውስጥ የገባ ይመስላል። እንደምንም ግማሽ ገዝቼ ጓሮ ባስቀምጠው የሌሊቱ ዝናብ አበሰበሰው፤ ሲለኩሱት ያለቅሳል እንጂ አይነድም። የጋዝ ሲሊንደሩ ባዶ ከሆነ ስለቆየ ዳንቴል አልብሼ አበባ አስቀምጬበታለሁ። ጎረቤቴ ሰብሪና ቤቷን ቆልፋ ለቅሶ ጊኒር ሄዳለች። ሌላ ቤት ድስት ይዤ ብሄድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሰው ሁሉ ያየኛል፤ «እነሴና ለሽማግሌ ወጥ አጡ» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ጎባ ይገባል።

«እማዬ፣ እንቁላል እንቀቅልላቸው» አለች ሴና።

«በምን? በአፍሽ ትንፋሽ?»

ቶላ ወደ ማድ ቤት አንገቱን አስገባ። ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ ክራቫቱ እያነቀው ነው። የዶሮዋን ዋጋ አልነገርኩትም። ቢያውቅ ኖሮ እናሳድጋት ነበር የሚለው።

«ስማኝ» አልኩት። «ሽማግሌ የመጣበትን መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም፤ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው መልስ እስካልሰጠህ ድረስ ወጥ እንደሌለ የሚያውቅ የለም።»

«እኔ እኮ እሺ ነው የምለው!»

«በል። ግን መብራት መጥቶ ወጡ ሲበስል።»

«እስከዚያ ምን ላድርግ? ልዝፈንላቸው?»

«አያት ቁጠር። ሰባት ቤት መቁጠር ወጉ ነው፤ ቀስ ብለህ ቁጠር። የሳሎኑን አምፖል ማብሪያ አብርቼ ትቼዋለሁ፤ እሱ እስኪበራ እያየህ ቁጠር።»

ቶላ መምህር ስለሆነ ጊዜ መግደል ያውቃል ብዬ ነው።

ሽማግሌዎቹ ደረሱ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ ሁለት ናቸው። ዋናው ሽማግሌ የልጁ አጎት አቶ ኢታና ነበሩ፤ እሳቸው የሉም። የመጡት ጋቢያቸውን ያጣፉት የልጁ ዘመድ፣ የገሰራው አቶ ሂካና ከሮቤራ ጋር የሚሠሩት አቶ ገብረ ሚካኤል ናቸው። አቶ ገብረ ሚካኤል ከሰሜን ተመድበው የመጡ፣ ወግ ሲዛነፍ የሚያማቸው ሰው ናቸው።

«አቶ ኢታናስ?» አለ ቶላ።

አቶ ሂካ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እየመጡ ነው። ሰው ሰላም እያሉ ነው።»

«የት?»

«መንገድ ላይ። ብዙ ሰው ያውቃሉ።»

እኔ ወዲያው ገባኝ። አልፈለጉንም። ዋናው ሽማግሌ የቀረው እምቢ ሲሉን እንዳያፍር ነው፤ ወይም ስለ ሴና የሆነ ነገር ሰምተዋል። ምን ሰሙ? በሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ወድቃ እንደገና መፈተኗን? ያንን ማን ነገራቸው?

ሰላምታው ጥሩ ሄደ። «አካም ጅርቱ፣ ነጋ» ተባባሉ፤ ከብቱ፣ ስንዴው፣ ዝናቡ ተጠየቀ። ከዚያ ቶላ ወደ ኑሮ ውድነቱ ገባ። ዘይት፣ ስኳር፣ ማዳበሪያ፣ የልጆች ጫማ እያሉ በየዋጋቸው አንድ በአንድ አዘኑ። ቡና ላይ ሲደርሱ አቶ ሂካ እንባ ሊያወጡ ነበር። የገረመኝ ግን እሳቸውም አለመቸኮላቸው ነው። ቶላ ነገር ሊጨርስ ሲል እሳቸው «ሳሙናስ?» ብለው ይቀጥላሉ።

በመጨረሻ ዋጋው ያልተጠራ ነገር ሲጠፋ፣ አቶ ገብረ ሚካኤል ተነሥተው «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ።

ሴና ክንዴን ጨመቀችው። አምፖሉን አየሁት። ጨለማ ነው።

«መልካም» አለ ቶላ። «እንግዲህ ዝምድና እንዳይኖረን እንቁጠር። ቀስ ብለን።»

«በጣም ቀስ ብለን» አሉ አቶ ሂካ።

ቶላ ጀመረ። «እኔ ቶላ፣ አባቴ ደበሌ፣ የደበሌ አባት ሁንዴ…» በየስሙ ቆሞ የሰውየውን ጠባይ ይተርካል። ሁንዴ ዝናብ እንደሚጠላ፣ የሁንዴ አባት በቅሎ ገዝቶ በቅሎዋ ጥላው እንደሄደች። አቶ ሂካ በተራቸው የሮቤራን ወገን ይቆጥራሉ፤ የእሳቸው ሰዎች ደግሞ ሁሉም ረጅም ዕድሜ ስለኖሩ ታሪካቸው አያልቅም። አንዱ ሲሳሳት ሌላው «ከመጀመሪያው እንጀምር» ይላል፤ ሌላውም በደስታ ይቀበላል።

«እማዬ፣ አባዬ እምቢ ሊል ነው እንዴ?» አለችኝ ሴና በሹክሹክታ። ዓይኗ እንባ አዝሏል።

«እነሱ ናቸው እምቢ የሚሉት። አታያቸውም? ዝምድና ፈልገው ሊያፈርሱት ነው።»

«እኔ እኮ ልብስ መርጫለሁ!»

ቶላ የሚያውቃቸው አያቶች አለቁ። እኔ አውቃለሁ፤ ከሁንዴ አባት ወዲያ አያውቅም። እሱ ግን አምፖሉን አየና ቀጠለ። «ከዚያ… ጉደታ። የጉደታ አባት በየነ…» ጆሮዬን አላመንኩም። የትምህርት ቤቱን ጥበቃዎች ነው የሚጠራው! በየተራቸው።

አቶ ሂካም ላብ ጀምሯቸዋል። «የእኛ ደግሞ ከለታ፣ የከለታ አባት…» መስኮቱን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። «ቀነኒሳ።»

ቶላ በዚያው ቅጽበት «ቀነኒሳ» ብሎ ነበር።

ሁለቱም ተያዩ።

አቶ ገብረ ሚካኤል ጣቶቻቸውን እየቆጠሩ ነበር። ፊታቸው ተለወጠ። «ቀነኒሳ የጋራ ነው። በእኔ ቆጠራ ሁለታችሁም ጋ ስድስተኛው ላይ ነው። ጌቶች ሆይ፣ እነዚህ ልጆች ዘመድ ናቸው። ይህ ጋብቻ አይሆንም።»

ሴና እሪ አለች። እኔ መጋረጃውን ገለጥኩት፤ ዘንጉ አብሮኝ መጣ፤ መጋረጃ ለብሼ ሳሎን መሐል ቆምኩ።

«ቀነኒሳ ዘበኛ ነው!» አልኩ። «የትምህርት ቤቱ ዘበኛ! ትናንትና ሰላም ብሎኛል፤ የማንም አያት አይደለም!»

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ቶላ።

«ዝም በል! ልጄን ካልፈለጋችኋት ንገሩን፤ አያት ድረስ ወርዳችሁ አታሳድዱን። እኛ ያቆየናችሁ ወጥ ስለሌለን ነው። መብራት የለም፣ ከሰሉ ረጥቧል፣ ዶሮዋ ጥሬ ናት። ይኸው!»

አቶ ገብረ ሚካኤል ወደ አቶ ሂካ ዞሩ። «የእርስዎስ ቀነኒሳ?»

አቶ ሂካ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። «ያመጣን ባለ ባጃጅ ነው።»

«ባጃጅ? ከጎባ በመኪና አልመጣችሁም?» አለ ቶላ።

ከዚያ እውነቱ ወጣ። ከጎባ የተነሡት በአቶ ኢታና ፒክ አፕ ነው። ሮቤ ሲገቡ ቤንዚኑ አለቀና እዚያው የማደያው ሰልፍ ውስጥ ቆሙ። ባለቤት የሌለበትን መኪና ከተራ ስለሚያስወጡት አቶ ኢታና መውረድ አልቻሉም። ያለ እሳቸው ደግሞ መልስ መቀበል ነውር ነው። ስለዚህ ሰልፉ እስኪደርሳቸው ሁለቱ ጊዜ እንዲገፉ ተላኩ።

«ለምን በግልጽ አልነገራችሁንም?» አልኩ።

«ሃዳ ሴና፣ ብንነግርዎት ምን ይሉ ነበር?» አሉ አቶ ሂካ፣ የሴና እናት ብለው እየጠሩኝ።

እውነታቸውን ነው። ቤንዚን ከልጄ በለጠባቸው እል ነበር። አሁንም ብያለሁ፤ በልቤ።

ሴና እንባዋን ጠረገች። ልጅት በእኔ አልወጣችም፤ ቶሎ ትወስናለች። «እዚያ ሰልፉ ጋ ሰንበቴ ሻይ ትሸጣለች፤ ከሰል አላት» አለችና ድስቱን አነሣች። አቶ ሂካ ዶሮዋን፣ ቶላ ቅዳሜ የተጋገረውን እንጀራ በመሶብ፣ እኔ በርበሬና ቅቤ ያዝን። አቶ ገብረ ሚካኤል እንቁላሉን ተሸከሙ፤ እንደ ታቦት በቀስታ ነበር የሚራመዱት።

ሰልፉ ከማደያው ተነሥቶ ገበያው መግቢያ ደርሷል። አቶ ኢታና በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል።

«ሃዳ ሴና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወርጄ እግርዎ ላይ እወድቅ ነበር፤ ከወረድኩ ግን ያ ሚኒባስ ይገባብኛል።»

«አይውረዱ፣ አባቴ» አልኳቸው። ሚኒባሱ በእርግጥም ዓይኑን ጥሎባቸዋል።

ሰንበቴ ማንደጃዋን ለቀቀችልን፤ ድስቱን ከፍታ ግን ሳቀች። «ማነው ይህን ያቁላላው? ሽንኩርቱ እኮ ገና ሰላምታ ላይ ነው!»

ሽንኩርቱ ተቁላልቶ በርበሬው ሲገባ፣ እኔ እያማሰልኩ ሥርዓቱ ተፈጸመ። አቶ ሂካና አቶ ገብረ ሚካኤል በመኪናው አንድ በኩል፣ ቶላ በሌላው በኩል ቆሙ። አቶ ኢታና መሪውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። ቶላ ክራቫቱን አስተካከለ። እኔ ዶሮዋን ጨመርኩ።

«ሰጥተናል» አለ።

እልል አልኩ። ሴናም፣ ሰንበቴም እልል አሉ። ይህን የሰማ ሰልፈኛ ሁሉ የቤንዚን ቦቴ የመጣ መሰለው። ሞተር ተነሣ፣ ጥሩምባ ተነፋ፣ ባጃጆች ተተራመሱ። ሰልፉ በጥድፊያ ወደ ፊት ተጠጋጋ። የአቶ ኢታና መኪና ደግሞ በግፊት ነው የሚሄደው። ቶላና ጋቢያቸውን የታጠቁት ሽማግሌዎች ገፉ፤ ሰንበቴና ሴና ማንደጃውን ከነድስቱ በሁለት በኩል ይዘው ይከተላሉ፤ እኔ እየሮጥኩ አማስላለሁ።

ያኔ ነው የታየኝ። እሳት ይዘን ወደ ቤንዚን ማደያ እየሄድን ነው።

«ቁሙ! ሮቤ በእኔ ዶሮ ልትቃጠል ነው!»

«ከቆምን ሚኒባሱ ይገባል!» አሉ አቶ ኢታና ከውስጥ።

«ይግባ!»

«እንዴት ይግባ? ከጠዋት ጀምሮ የጠበቅኩት ነው!»

የሰው ልጅ ሁሉ ሰልፉ እንዲሄድ ሲለምን እኔ እንዳይንቀሳቀስ ለመንኩ። ማደያው ከሩቅ ይታያል፤ ዶሮዋ ግን ገና አጥንቷን አልለቀቀችም። አንድ ርምጃ በተገፋን ቁጥር እሳቱን አያለሁ፣ ማደያውን አያለሁ፣ ልጄን አያለሁ። ታጭታ ሳትዳር ልትቃጠልብኝ ነው።

የማደያው ሠራተኛ እጁን እያወዛወዘ መጣ።

«ቤንዚን አልቋል! ወደየቤታችሁ!»

ሰልፉ በሙሉ አጉረመረመ። ባለ ሚኒባሱ ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረ።

እኔ እልል አልኩ።

«ምን ሆነው ነው? አብደው ነው?» አለኝ ባለ ሚኒባሱ።

«ልጄ ታጭታልኝ ነው» አልኩት። ኋላ ዶሮዋ ስትበስልም ስላሳዘነኝ ክንፍ ሰጠሁት።

አቶ ኢታና ተራ የሚባል ነገር ስለሌለ በክብር ወረዱ። መሶቡን ፒክ አፑ መጫኛ ላይ አስቀምጠን በላን። አቶ ገብረ ሚካኤል ሰንበቴ የቀቀለችልንን እንቁላል ለየሰው ሲያድሉ ቀነኒሳ የሚባለው ባለ ባጃጅ ባዶ ጀሪካኑን ይዞ መጣ፤ አቶ ሂካ «ና አያቴ፣ ብላ» አሉት። ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ በላ።

ሴና እንደዚያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ከዚያ ሰርጉ ለጥር ሲባል ሰማሁና ሳቄን አቆምኩ። እስከ ጥር ሽንኩርት ምን ይሆናል? ደግሞስ ሽማግሌዎቹ ወደ ጎባ የሚመለሱበት ቤንዚን የላቸውም፤ ዛሬ እኛ ቤት ነው የሚያድሩት።

«ሰንበቴ» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «ያንን ማንደጃ እስከ ነገ ቁርስ ታከራዪኛለሽ?»