ካብ ላይ የወጣው መስቀል

የመስከረም ኮምፒውተር፣ ውኃው ሽቅብ ካልፈሰሰ በቀር መንደሩ አይደርስም ብሎ ድርቅ አለ።

መስከረም ከደብረ ታቦር የመጣች የቅየሳ መምህርት ናት። ከጉና ግርጌ ያለውን መንደርና ከሸለቆው ማዶ ያለውን ምንጭ በድሮን ፎቶ አንሥታ፣ ፎቶዎቹን አገጣጥማ የመሬቱን ሞዴል ሠርታለች። ሞዴሉ ግን ምንጩን ከመንደሩ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ይህ እውነት ከሆነ የቧንቧው ነገር አበቃ፤ ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ሸለቆውን ሲወርዱና ሲወጡ ሊኖሩ ነው።

«ነገ ሪፖርቱን እልካለሁ» አላት የውኃ መሐንዲሱ ዳኛቸው። «ካልፈሰሰ ቧንቧው ለሌላ ቀበሌ ይሰጣል።»

መስከረም ግን ሞዴሉን አላመነችውም። በዓይኗ ስታየው ምንጩ ከፍ ያለ ነው፤ ታዲያ «መሰለኝ» ተብሎ ሪፖርት አይጻፍ ነገር!

ድሮኑ ከመነሣቱ በፊት እዚህም እዚያም ነጭ አቡጀዲ በመስቀል ቅርጽ መሬት ላይ አንጥፋ፣ የእያንዳንዱን ከፍታ በጂፒኤስ ለክታ ነበር። ፎቶ ብቻውን ከፍታ አያውቅምና ሞዴሉ የሚታረመው በእነዚህ ምልክቶች ነው። አንድ በአንድ ልታያቸው ሄደች። ምንጩ ዘንድ ስትደርስ መሬቱ ባዶ ነው። ቀና ስትል አቡጀዲው ከቁመቷ በሚበልጥ ካብ ላይ፣ ዳር ዳሩ ድንጋይ ተጭኖበት፣ በወጉ ተዘርግቷል።

የካቡ ባለቤት ባልቴቷ ፈንታነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ይህን ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኛ ልጄ! መስቀል መሬት ወድቆ ከብት ሲረግጠው ዝም ልበል? ያች የምታንዣብበው ነገር ሳትመጣ፣ በመሰላል ወጥቼ ከፍ አደረግሁት።»

መስከረም ሳቋ አመለጣት። ከላይ ለሚያይ ካሜራ ካብና መሬት አንድ ናቸው። ኮምፒውተሩ የካቡን አናት መሬት ነው ብሎ አምኖ፣ አካባቢውን በሙሉ በካቡ ቁመት ልክ ቁልቁል ገፍቶታል። ይህንኑ አስረዳቻቸው።

«እኔ መስቀሉን ባነሣ ምንጩ ወረደ?» እትዬ ፈንታነሽ ክው አሉ። «ወይ ጉዴ! ቶሎ ላውርደው?»

«ኧረ እንዳይነኩት! እዚያው እንዳለ እለካዋለሁ። መሰላሉን ብቻ ይያዙልኝ።»

ወጥታ ለካች፤ አዲሱን ከፍታ አስገባች። በምንጩ በኩል ያለው መሬት እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ምልክት ባልነበረባቸው ቦታዎችም ለክታ ብታመሳክር፣ ሞዴሉና መሬቱ የሚለያዩት ከሁለት ጣት አይበልጥም። ደስታዋን መያዝ አቅቷት ስልኳን አነሣች።

«ዳኛቸው፣ ይፈሳል! በራሱ ይፈሳል!»

ይህን የሰሙት እትዬ ፈንታነሽ መሰላሉን እንደያዙ እልልታውን አቀለጡት። ከሸለቆው ሥር ጀሪካን ያዘሉት ሴቶች ምን እንደተገኘ ሳያውቁ ተቀበሏቸው።