ጉሃድ ፊት የተመታች ኳስ

ማሃድ ዱባይ ውስጥ ስምንት ዓመት ሙሉ የጎልፍ ሜዳ ሣር ሲያጠጣ ከርሞ ጅጅጋ ሲመለስ፣ ይዞት የመጣው ንብረት አንድ ያረጀ የጎልፍ ዱላ ነው። ሰው ፍሪጅ ይዞ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ከከተማ ወጣ ብሎ ብቻውን ሲመታ ግን ኳሷ ቀጥ ብላ ሁለት መቶ እርምጃ ትሄድለታለች። ትከሻው የላላ፣ አጨባበጡ ለስለስ ያለ ነው። አንድ ሰው ቆሞ ካየው አለቀለት፤ ጣቶቹ ዱላውን ያንቁታል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ኳሷም ወዳሻት ትሄዳለች። ይህን ከራሱ በቀር የሚያውቅበት አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ደሃቦን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። እሷን ካጣ ምን እንደሚሆን አያውቅም፤ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። አባቷ ጉሃድ ከጅጅጋ ብዙ በማትርቀው በቱሊ ጉሌድ ከተማ ግመል ነጋዴ ናቸው። "ልጁም አብሮ ይምጣ" አሉ። ማሃድም ዱላና ኳሱን ሳይለይ አብሮ ሄደ።

የተላከ ሽማግሌ ደግሞ ሙሽራውን ማወደስ አለበት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑት አጎቱ ዋርፋ ስለ ጸባዩ ቢያወሩ ምን ነበረበት። "የዚህ ልጅ እጅ ስቶ አያውቅም፤ በዚያች ዱላው ኳስ ከዚህ እስከ ባቢሌ ይሰድዳል" ብለው አረፉት።

"እስቲ እንይዋ" አሉ ጉሃድ።

አሥራ አራት ሰው ከጉሃድ ደጅ ግራር ጥላ ወጥቶ ቆመ። የደሃቦ ታላቅ እህት ዒፍራህም የሻይ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ዒፍራህ አግብታ ሄዳ ነበር፤ ሁለት ልጆቿን ይዛ አባቷ ቤት ከተመለሰች ሦስት ዓመቷ ነው።

ማሃድ መጀመሪያ የመታው መሬቱን ነው። አቧራው ጉሃድ ላይ አረፈ። ሁለተኛ አየር መታ። በሦስተኛው ኳሷን አገኛት፤ እሷም በጎን ሄዳ የዋርፋ ቁርጭምጭሚት ላይ አረፈች። ዋርፋ ለሽምግልናው ክብር ሲሉ ቁርጭምጭሚታቸውን አላሹም።

ጉሃድ ቀረብ ብለው የማሃድን ጣቶች አዩ። "ግመል እንዲህ ብትጨብጣት ወተቷን ትይዝብሃለች። ብቻህንም ስትሆን እንዲህ ነህ?"

"አይ አዴር፣ ሰው ሲያየኝ ነው" አለ ማሃድ፣ እንደ አጎት ጠርቷቸው።

"አሁን ምን አስፈራህ?"

"ይከለክሉኛል ብዬ ነዋ።"

ዋርፋ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እንዲህ ያለ ነገር ሽማግሌ ፊት አይባልም። ጉሃድ ግን ወደ በሩ ዞሩ።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ዒፍራህ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። "የእኔው ሰውዬም ሊጠይቀኝ መጥቶ እዚሁ ቆሞ ነበር፣ አባ። እጁ ንቅንቅ አላለም።"

ያን ሰውዬ ስለ እርጋታው ያወደሱት ጉሃድ ራሳቸው ነበሩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ኳሷን ከዋርፋ እግር ሥር አነሡና ለማሃድ ሰጡት።

"ሠርጉ ዕለት" አሉ፣ "ይህን ዱላ ቤት ተወው።"